ሃይማኖትና የመንግሥት ትምህርት ቤት፤ ከትናንት እስከ ዛሬ



እንደሚታወቀው የሰፈራችን ልጆች የሚማሩት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንዱ ማዕተብ ያስራል፣ አንዷ ሻርፕ ትከናነባለች፣ ሌላው ረመዳንን ይጾማል። በዚህ ነገር አልፎ አልፎ በወላጆች መካከል ክርክር ሲነሣ እንሰማለን። ክርክሩ የዛሬ ስላልሆነ ታሪኩን በአጭሩ ማቅረብ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

አጤ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሲያቋቁሙ፣ ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት የልጆቹን ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ሠጉ። ንጉሠ ነገሥቱም መላ ፈጠሩ፤ መምህራኑን ከግብፅ ኮፕቶች አስመጡ። ሃይማኖታቸው ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ስለሆነ ሥጋቱ በረድ አለና ትምህርቱ ተጀመረ። መላው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የታሰበው ለአንድ ሃይማኖት ልጆች ነው።

ቀጥሎ በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ድንጋጌ ወጣ። አገሩን የቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ለሁለት ከፈለው። ሚሲዮኑ በክፍቱ ክልል መስበክ ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ክልል ግን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ቢከፍትም፣ ክርስቲያን ሁሉ ከሚስማማበት በቀር የራሱን እምነት ማስተማር አይፈቀድለትም።

እኛ ፊደል በቆጠርንበት ዘመን «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቃል በሰው ሁሉ አፍ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ሃይማኖትን በነፃነት መከተልን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 126 ደግሞ ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት ያደርጋል። የግብረ ገቡ ትምህርትም ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደላ ነበር። ሙስሊሙ ጓደኛችን አብሮን ቁጭ ብሎ ይሰማል። በዓሉ ሲደርስ ግን ትምህርት ቤቱ አይዘጋለትም፤ እንግዲህ ወይ ከትምህርቱ ወይ ከበዓሉ መቅረት ነበረበት።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓላችንም ይከበር አሉ። ልብ በሉ፤ በዚያ ሰልፍ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ብዙ የሚሲዮንና የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ። በግብረ ገቡ ቦታ የፖለቲካ ትምህርት ገባ። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ወይም መስጊድ የሚሄድ ወጣት እንደ ኋላ ቀር ይታይ ጀመር። ያን ጊዜ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ አንዱን ሃይማኖት ከክፍል ማስወጣት ለሁሉም ነፃነት መስጠት አለመሆኑን ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 27 ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብት ሰጠው፤ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን አለ። ሦስቱን አንድ ላይ ማስኬድ ግን ቀላል አልሆነም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ፀጉራቸውን በሸፈኑ ሙስሊም ተማሪዎች ምክንያት የተነሣው ነገር ፍርድ ቤት እስከ መድረስ ሄዷል። በዚያ መሐል የሚያልፈው የልጆቹ የፈተና ጊዜ ነው።

እኛ የዕድር ሰዎች ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ሐዘን ቤት ድስቱ ለየብቻ ይጣዳል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ለአንዱ ፍትሐት፣ ለሌላው ሰላተል ጀናዛ ሲደረግ ቆመን እንጠብቃለን እንጂ ማንም ማንን «የእኔን ጸሎት ጸልይ» አይልም። መዋጮውም እኩል ነው። ትምህርት ቤቱም እንደዚሁ ቢሆን ምን ይጎድላል? መምህሩ የማንንም እምነት አያስተምር፣ የማንንም አይንቀፍ፤ ፈተና በማንም በዓል ቀን አይውል፤ ልጅ በማዕተቡ ወይም በሻርፑ ምክንያት ከበር አይመለስ። ወላጅም በበኩሉ ልጁ የጓደኛውን እምነት እንዳይነካ ይምከር።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረን እንገኝ። ሙስሊሙ ሲበደል ክርስቲያኑ ቢናገርለት፣ ክርስቲያኑ ሲበደል ሙስሊሙ ቢናገርለት፣ በ1966ቱ ሰልፍ እንዳየነው ቃሉ ይበልጥ ይሰማል።

ፈጣሪ ዘመኑን የሰላም ያድርግልን።