ከጉር አምባ እስከ አይከል፦ የንግግር ወሰኑ የት ላይ ነው?

በኅዳር 1845 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ኃይሉና የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በደምቢያ ምድር፣ ጉር አምባ ላይ ተዋጉ። ከውጊያው በፊት የጎሹ አዝማሪ በካሳ ላይ የስላቅ ግጥም ደርድሮ ነበር። ጎሹ ወደቁ፤ አዝማሪው ተማረከ። ድል አድራጊው ፊት ቀርቦ ሲጠየቅም ራሱን በሚወቅስ ግጥም ጥፋቱን አመነ። ምሕረት ግን አላገኘም፤ በሽመል ተደብድቦ ሞተ። ካሳም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ይህን የማነሣው ለአገር አንድነት የተነሡትን ንጉሥ ስም ለማጉደፍ አይደለም። አንባቢ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። አዝማሪው የተገደለው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ጌታው ሞተዋል፤ ሠራዊታቸው ተበትኗል፤ ግጥሙ ከእንግዲህ የሚያነሣሣው ጦር አልነበረም። የቀረው የተነካ ክብር ብቻ ነው። እናም ሽመሉ ያረፈው በአደጋ ላይ ሳይሆን በስድብ ላይ ነበር።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል በጽሑፍ ሕግ ዘመንም አልሞተም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን «በሕግ መሠረት» ሲፈቅድ፣ በአንቀጽ 4 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር መሆኑን ደንግጓል። ሁለቱ አንቀጾች ቢጋጩ የትኛው እንደሚረታ ለማወቅ የሕግ ምሁር መሆን አያሻም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትም በአስተሳሰባዊ ይዘቱና በሚያስከትለው አስተሳሰባዊ ውጤት ሊገታ እንደማይገባ ይደነግጋል። የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ግን ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይገልጻል፤ የጦርነት ቅስቀሳንም ይከለክላል። ይሁን እንጂ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652/2001፣ ሽብርን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ያበረታታል ተብሎ ሊታሰብ የሚችልን ጽሑፍ ወይም ንግግር ከዐሥር እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የተያዙት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በዚሁ ዐዋጅ ተከሰው ከአንድ ዓመት በላይ ታሰሩ፤ የከፊሎቹ ክስ ተነሣ፣ ሌሎቹን ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ በነፃ አሰናበተ። የታሰሩበትን ጊዜ ግን ማን ይመልስላቸዋል?

ታዲያ ንግግር ወሰን የለውም ማለት ነውን? አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል፣ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ሳሉ በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ አቅርቧል። የእህል ነጋዴዎች ድሃውን በረኀብ ይፈጃሉ ብሎ በጋዜጣ መጻፍ ሊከለከል አይገባም፤ ያንኑ ቃል በነጋዴው ደጃፍ ለተሰበሰበ፣ ለተቆጣ ሕዝብ መናገር ግን ያስቀጣል። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ደጃፉ ነው።

ይህን ደጃፍ ለማየት ለንደን መሄድ አያሻንም። ከደምቢያ ጥቂት ወደ ምዕራብ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የጭልጋዋ አይከል አለች። የቅማንት የማንነትና የራስ አስተዳደር ጥያቄ በዚያ አካባቢ ለዓመታት ያነጋገረ ጉዳይ ነው፤ በመስከረም 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶበታል። ጥያቄውን መደገፍም ሆነ መቃወም ሐሳብ ነው፤ ማንንም ሊያሳስር አይገባም። ነገር ግን በጋብቻ፣ በማኅበርና በገበያ የተሳሰረን ጎረቤት በጅምላ ጠላት ብሎ መፈረጅ፣ የታጠቀ ሰው በሚመላለስበት መንደር ውስጥ ቤቱን ማመልከት ነው። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙዎች ተፈናቀሉ።

እንግዲህ ሕጋችንን በዚህ ሚዛን እንየው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው ዐዋጅ ቁጥር 1185 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ንግግሩ በሰው ላይ ጥቃት ቢያስከትል እንኳ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ነው። በዚያው ዓመት የተሻረው የፀረ ሽብር ዐዋጅ ግን አንድም ሰው ባይጎዳ ለቃል ዐሥር ዓመት ይቆርጥ ነበር። ቅጣት ይክበድ ማለቴ አይደለም። ለመንግሥት ጆሮ የቆመው አጥር ለድሃው ደጃፍ ከቆመው አጥር በፊት መታጠሩን፣ ይልቁንም እጅግ ከፍ ብሎ መታጠሩን ለማሳየት ነው።

በዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ ውስጥ የንግግር ወሰን የሚሰመረው ቃሉ ማንን አስቆጣ በሚል ሳይሆን ማንን ለጥቃት አጋለጠ በሚል ነው። ገዢ ዘብ አለው፤ ስድብ አይገድለውም። በአይከል ገበያ ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ግን ዘብ የለውም። ነገ «ጥላቻ» የሚለው ቃል ባለሥልጣንን መንቀፍ ማለት ነው ተብሎ ከተተረጎመ፣ የጉር አምባው ሽመል ስሙን ለወጠ እንጂ አልተጣለም።