ሞምባሳ ላይ ቀነኒሳ ያቋረጠ ዕለት

ሞምባሳ ወደብ ላይ ዕቃ ያስለቀቀ ነጋዴ የዚያን አገር ወበቅ ያውቀዋል። ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ጥላ ሥር ቆሞ መተንፈስ እንኳ ሥራ ነው። መጋቢት 15 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2007) ኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀችው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የተካሄደው በዚሁ ወበቅ፣ ባሕር ዳር ባለው የጎልፍ ሜዳ ላይ ነበር።

ያኔ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ጨርቅ እነግድ ነበር። የጎኔ ባለሱቅ ኤርትራዊ ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የወጣ። ስለ ዋጋ፣ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ልጆች እናወራለን። ስለ ድንበሩ ግን ሁለታችንም አናነሳም። ዓርብ ማታ በአንድ አውቶቡስ ወደ ሞምባሳ ወረድን።

ኬንያውያን ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንደጓጉ ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የኬንያ ወንዶች እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2003 ድረስ 18 ዓመት በተከታታይ የቡድን አሸናፊ ነበሩ። ፖል ቴርጋት ብቻውን ከ1995 እስከ 1999 አምስት ጊዜ አሸንፏል። ከዚያ ቀነኒሳ በቀለ መጣ። ከ2002 እስከ 2006 በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ወሰደ፤ አሥር ወርቅ ማለት ነው። በ2004 የቡድኑም ድል ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። ኬንያውያን ታዲያ በገዛ ሜዳቸው ይህን ሰው ሲሸነፍ ማየት ፈልገው ነበር የመጡት።

በ12 ኪሎ ሜትሩ ቀነኒሳና ኤርትራዊው ዘርእሰናይ ታደሰ ከሌላው ተነጥለው ወጡ። እኛ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸናል። በመጨረሻው ዙር ግን የቀነኒሳ እግር ከበደ፤ ዘርእሰናይ ጥሎት ሄደ፤ ቀጥሎ ቀነኒሳ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ቴሌቪዥን የሚያሳየው የሚመራውን ነው። እዚያ የቆመ ሰው ግን የቀረውንም ያያል። ያን ቀን ብዙ ሯጮች ሙቀቱ አቅቷቸው አቋርጠዋል፤ የዚህኛው ግን እንደ ዘመድ ውድቀት አንጀቴን በላኝ።

ዘርእሰናይ በ35 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገባ። ኬንያዊው ሞሰስ ሞሶፕ ሁለተኛ ሆነ። ጎረቤቴ አልጮኸም። መጀመሪያ የኔን ፊት ነው ያየው። ገባኝ፤ ደስታውን ፈቃድ እየጠየቀበት ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ» ስለው እንባው መጣ። «ቀነኒሳ ባይገፋው እኮ እንዲህ አይሮጥም ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዘርእሰናይ በ2004 አቴንስ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ሲያገኝ፣ ለኤርትራ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበር። ከሱ በላይ የቆሙት ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ናቸው። በሁለቱ አገሮች መካከል የጭነት መኪና በማያልፍበት ዘመን፣ ልጆቻቸው አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሞምባሳ ላይ በሴቶቹም ያሸነፈችው ሎርና ኪፕላጋት ኬንያ ተወልዳ ለኔዘርላንድ ትሮጥ የነበረች ናት፤ ጥሩነሽ ዲባባን አስከትላ ገባች። ድንበር የሚሻገረው ነጋዴ ብቻ አይደለም።

ቀነኒሳ በዓመቱ ኤድንብራ ላይ ተመለሰ። ገና ሲጀመር ጫማው ወልቆ፣ ቆሞ አጥልቆ፣ ከኋላ ተነስቶ አሸነፈ። ያን በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። ደስ አለኝ፤ ግን በልቤ የቀረው ሞምባሳ ነው።

ወደ ናይሮቢ ስንመለስ ጎረቤቴ ውኃ ገዝቶ አንዱን ሰጠኝ። አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ የተወለደበትን ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረኝ፤ ካዛንቺስ ነው። እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ፣ አንድም ቀን አልተጠያየቅንም ነበር።