ወጪ መተኪያ፦ ወደ ሥራ መሄድና ለሥራ መሄድ

የሒሳብና የሰው ኃይል ሠራተኞች «ሪኢምበርስመንት» የሚሉት ክፍያ በአማርኛ «ወጪ መተኪያ» ቢባል ይስማማዋል። ሠራተኛው ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ከኪሱ የከፈለውን ገንዘብ አሠሪው ማስረጃ አይቶ ሲተካለት ማለት ነው። «ተመላሽ» የሚለው ቃል ቅርብ ነበር፤ ግን በግብር ዓለም የቫትና የግብር ተመላሽ ስለሚባል ያደናግራል።

ወጪ መተኪያ ከትራንስፖርት አበል ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። አዲስ አበባ ውስጥ ገርጂ ተቀምጦ ሜክሲኮ የሚሠራ ሰው እናስብ። ጠዋት መብራት ኃይል ላይ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ከሚጠራበት ሚኒባስ ይገባል፤ መገናኛ ወርዶ ሌላ ይይዛል። ይህ ወደ ሥራ መሄድ ነው። ቢሮ ከገባ በኋላ አለቃው ዕቃ ተረከብ ብሎ ቃሊቲ ቢልከውና በመተግበሪያ ታክሲ ቢጠራ ደግሞ ለሥራ መሄድ ነው። የጠዋቱ ጉዞ በአበል ይሸፈናል፤ የቀኑ ጉዞ በወጪ መተኪያ።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 65 ሁለቱን ለየብቻ ከግብር ነፃ ካደረጋቸው ገቢዎች መካከል አስቀምጧል። በሥራ ላይ ለተደረገ ጉዞ የሚተካ ወጪ ነፃ የሆነው ሠራተኛው ምንም ስላላተረፈ ነው፤ የወጣው ገንዘብ ተመልሶ ገባ እንጂ ገቢው አልጨመረም። አበል ግን ወጣም አልወጣም በየወሩ የሚከፈል ቁርጥ ገንዘብ ነው። ጣራ ባይኖረው ደመወዝን «ትራንስፖርት» ብሎ ከግብር ማሸሽ ቀላል ይሆን ነበር። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ጣራ የደመወዙ አንድ አራተኛ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ከ2,200 ብር እንዳይበልጥ ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 2,500 ብር የትራንስፖርት አበል ቢከፈለው፣ የደመወዙ ሩብ 2,000 ብር ስለሆነ ነፃ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው። የቀረው 500 ብር ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። በ979/2008 ሠንጠረዥ 30 በመቶ፣ ማለትም 150 ብር ይሆን ነበር። በ2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከግብር ነፃ የሆነውን የደመወዝ ወለል ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያሳድግ እርከኖቹንም ስላሸጋሸገ፣ በዚያ ደረጃ ያለ ገቢ 25 በመቶ ይከፍላል።

ሌሎች አገሮችም ወደ ሥራ ለመሄድ የሚከፈልን ገንዘብ በየመንገዳቸው ይይዙታል። ጃፓን በወር እስከ 150,000 የን የሚደርስ የመጓጓዣ አበልን ከግብር ነፃ ታደርጋለች። ፈረንሳይ ውስጥ አሠሪው የሠራተኛውን የሕዝብ ትራንስፖርት ወርኃዊ ካርድ ግማሽ ዋጋ የመሸፈን ግዴታ አለበት። እዚያ ካርዱ ራሱ ማስረጃ ነው። እኛ ዘንድ የሚኒባስ ረዳት ደረሰኝ አይቆርጥም፤ ለየዕለቱ የታክሲ ሒሳብ ቁርጥ አበል የሚመቸውም ለዚህ ነው። ወጪ መተኪያ ሲጠየቅ ግን ማስረጃው መኖር አለበት፤ ከየት ወዴት፣ ለምን ጉዳይ፣ በማን ትእዛዝ የሚለው በጽሑፍ ካልተያዘ ኦዲተር ክፍያውን እንደ ደመወዝ ሊቆጥረው ይችላል። በመተግበሪያ የሚጠሩ ታክሲዎች ሒሳቡን በስልክ ስለሚልኩ ይህን ሥራ አቅልለውታል።

ቅጥር ሲደራደሩ «ደመወዙን ቀነስ አድርገን ትራንስፖርቱን ከፍ እናድርግልህ» የሚባል ሰው አንድ ነገር ማስላት አለበት። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ የሚከፍሉት በመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው፤ አበሉ አይገባበትም። ወደ አበል የዞረችው ብር ዛሬ ከግብር ብትተርፍም ጡረታ ሲሰላ አትቆጠርም።