ምሰሶው ከመሬት በታች

የጉራጌ ቤት የገባ እንግዳ ቀና ብሎ ጣሪያውን ሳያደንቅ አይወጣም። እንጨቶቹ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ተዘርግተዋል። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ግን መሐል የቆመው ምሰሶ ነው። እሱን ለማቆም ደግሞ የአንድ ሰው ጉልበት አይበቃም፤ ጎረቤት ይጠራል። ለዚህ ነው ምሰሶን የሰፈር ሥራ የምለው።

ለምሰሶ ጥሩ የሚባለው ጥድ ነው፤ ምስጥ አይደፍረውም። ጥድ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ባሕር ዛፍ መጣ። ቶሎ ይደርሳል፣ ገንዘብም ያመጣል። ጉራጌም ተከለው፣ ሸጠበት፣ ልጅ አስተማረበት። ባሕር ዛፍን አልወቅስም። ብቻ ያልደረቀና ያልታከመ ባሕር ዛፍ እርጥብ መሬት ውስጥ ሲቆም፣ ላዩ ደህና መስሎ ሥሩ ይበሰብሳል።

ይህን ያነሣሁት ወልቂጤ ያለ የእህቴ ልጅ «ጓሮ ውስጥ ሀማክ ልስቀል» ብሎ ስላማከረኝ ነው። ሀማክ በሁለት እንጨት መካከል የሚወጠር የመኝታ መረብ ነው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. የካሪቢያን ደሴቶች ሲደርስ ያገሬው ሰው ይተኛበት ነበር። ገመዱ አያሳስብም፤ የእንሰት አገር ቃጫ አያጣም። ጭንቁ ምሰሶው ነው።

የቤት ምሰሶ ጭነቱ ወደ ታች ነው፤ የሀማክ ግን ወደ ጎን ይጎትታል። 70 ኪሎ ሰው ሲተኛና ገመዱ 30 ዲግሪ ሲያዘቀዝቅ፣ እያንዳንዱ ምሰሶ በ70 ኪሎ ኃይል ይሳባል። «እንዳይረግብ» ብለን ወጥረን 15 ዲግሪ ካደረስነው ወደ 135 ኪሎ ይጠጋል! ስለዚህ ገመዱ ይርገብ። ግንዱ ወፍራምና የደረቀ ይሁን፤ ሦስት ሜትር ከሆነ አንድ ሜትሩ ይቀበር። ጉድጓዱ በድንጋይና በአፈር እየተደለደለ፣ በየደረጃው ይጠቅጠቅ። ውኃ እንዳይተኛበት ዙሪያው ከፍ ይበል።

እነሆ፣ አንባቢ ሆይ፣ የከተማ ልጅ ዛሬ ሁሉንም ከሱቅ ይገዛል። ጉድጓዱን በአንድ እጅ የሚጠቀጥቅ፣ ምሰሶውን በሌላው የሚይዝ ግን አይሸጥም፤ ጎረቤት ነው። በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ አጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር የሚያጥረን እሱ ነው። ሽማግሌው በሕይወት ሳለ «ምሰሶ እንዴት ይቆማል?» ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም። የማይታየው አንድ ሜትር ካልጸና፣ የሚታየው ሁለት ሜትር የልጅ መውደቂያ ነው።