ቅጽ ከወረቀት ወደ ሰርቨር፦ ታሪኩና ለኩሌ ተማሪዎች ምዝገባ ያለው ትርጉም

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ተቋቋመ። ከሰፈሩበት ስደተኞች አብዛኞቹ ኑዌሮች ሲሆኑ፣ ሕፃናቱም ብዙ ናቸው። ድንበር ተሻግሮ የመጣ ልጅ ራሽን ለማግኘትም ሆነ ትምህርት ቤት ለመግባት ስሙ በቅጽ ላይ መስፈር አለበት። ስለሆነም የቅጽ አሠራር የመምህራንም ጉዳይ ነው።

የወረቀት ቅጽ ጉድለት ቢኖርበት መዝጋቢው በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ይጽፍበታል። የድረ ገጽ ቅጽ ግን ኅዳግ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲ.ጂ.አይ. የተባለው ሥርዓት በገጽ ላይ የተሞላውን መረጃ በሰርቨር፣ ማለትም በማዕከላዊው ኮምፒዩተር፣ ላይ ላለ ፕሮግራም ማስተላለፍን አስቻለ፤ በ1995ም ቅጽ በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. 2.0 ደረጃ ውስጥ ተደነገገ። በዚያው ዓመት ራስሙስ ሌርዶርፍ ያወጣው ፒ.ኤች.ፒ.፣ ቆይቶም በስሙ ላይ «የቅጽ ተርጓሚ» የሚል ተቀጽላ የጨመረው፣ በገጹ መካከል ትእዛዝ ማስገባትን አቀለለ። በ2000 በክሬግ ማክላናሃን የተጀመረው ስትራትስ ደግሞ ለቅጽ ሥራ የተዘጋጁ ታጎችን አቀረበ።

ታግ በገጹ አብነት ውስጥ የሚቀመጥ አጭር ምልክት ነው። ገጹ በተጠየቀ ጊዜ ሰርቨሩ በምልክቱ ምትክ ሙሉውን ሣጥን ይጽፋል፤ ቀድሞ የተሞላውን ቃል ይመልሳል፤ የምርጫውን ዝርዝር ከአንድ ቦታ አምጥቶ ይደረድራል። ዝርዝሩ አንድ ጊዜ ቢታረም በሁሉም ገጽ ይታረማል። ጉዳቱም ከዚሁ ጥቅም ይመነጫል፤ ዝርዝሩ ቢሳሳት በሁሉም ገጽ ይሳሳታልና።

ወራትን 12 ብቻ አድርጎ የሚደረድር ዝርዝር በጳጕሜን ለተወለደ ልጅ ቦታ የለውም። እንደ ብዙው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ኑዌሩም ልጁን በአባትና በአያት ስም ስለሚጠራ፣ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ለሁለቱም ባዕድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የኑዌር ቋንቋም እ.ኤ.አ. በ1928 ከተደረገው የረጃፍ ጉባኤ ወዲህ በላቲን ፊደል ቢጻፍም፣ በእንግሊዝኛ የማይገኙ ፊደላት አሉት። እነዚህን የማይቀበል ሣጥን የልጁን ስም ያጣምማል። የትውልድ ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ በብዙ አገር ጃንዩወሪ 1 እንደ ተወለደ ተደርጎ መመዝገቡም የታወቀ ነው። በቅጹ ላይ «በግምት» የሚል ምርጫ ቢኖር ግን ግምቱ እንደ እርግጥ አይቆጠርም፤ መምህሩም ልጁን በየትኛው ክፍል እንደሚመድበው ሲወስን አይሳሳትም።

ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚገኙ ስደተኞች ልደታቸውን በሕጋዊ መዝገብ ማስመዝገብ ችለዋል። የትምህርት ቤቱ መዝገብና የልደት ምስክር ወረቀቱ በስምና በዘመን ቢለያዩ፣ ማስረጃ ፈልጎ የሚንከራተተው ተማሪው ነው። በመሆኑም ዕቅድ አውጪዎች አብነቱ በሰርቨሩ ላይ ከመጽናቱ በፊት ዝርዝሮቹን ለኩሌ መምህራን ማሳየት ይገባቸዋል። ኅዳግ በሌለው ቅጽ ላይ እርማት የሚገባው ቅጹ ሲዘጋጅ ነውና።