ኮይል፦ የማቀጣጠያ ጥቅል ሽቦ

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ኮይል ይሉታል፤ ፈረንሳይኛ በሚነገርባት ጅቡቲ ከተማ ደግሞ ቦቢን ነው። በአማርኛ የማቀጣጠያ ጥቅል ሽቦ ቢባል ይስማማዋል። በብረት እምብርት ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ተጠቅልለዋል፤ አንዱ ወፈር ያለና ጥቂት መቶ ዙር፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነና ብዙ ሺህ ዙር። በወፍራሙ የሚያልፈው የባትሪ 12 ቮልት ድንገት ሲቋረጥ በቀጭኑ ላይ ከ20,000 ቮልት በላይ ይፈጠርና ካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭ ይላል። ናፍጣ ግን በታመቀ አየር ሙቀት ስለሚነድ፣ ከወደቡ ጭነው ወደ ጋላፊ የሚወጡት ከባድ መኪኖቻችን ኮይል የላቸውም። ጣጣው የቤንዚኖቹ ነው።

የጅቡቲ አየር ለኮይል ክፉ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ የሞተሩ ግለት ሲታከልበት የሽቦዎቹ ሽፋን ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት ደግሞ የሶኬቱን እግሮች ይበላል። መኪናው ጠዋት ደህና ይነሣና ሲሞቅ፣ በተለይ ኤሲ ሲከፈት፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የቼክ መብራትም ይበራል።

እንደ ቪትዝ ባሉት መኪኖች እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው። ኮምፒውተሩ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው ሲሊንደር አልተኮሰም ማለት ነው፤ ኮይሉ ሞቷል ማለት ግን አይደለም። ይህን ኮድ ብቻ አይቶ አራት አዲስ ኮይል ማስገዛት ደንበኛን መበደል ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኮይል ማቀያየር፣ ኮዱን ሰርዞ መንዳት ይበቃል። ፒ0303 ከመጣ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ተዛውሯል። ፒ0302 ከተመለሰ ግን ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩን፣ የሶኬቱን ሽቦ፣ ኮምፕሬሽኑን ማየት ነው። በኦም መለኪያ መፈተሽ ለድሮዎቹ ይሠራል፤ በእነዚህ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ስላለ ንባቡ ያሳስታል።

ኮይሉ በሙጫ የታሸገ ስለሆነ ተከፍቶ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ከሥሩ ያለው ጎማ ግን ለብቻው ሊቀየር ይችላል፤ ጎማው ላይ እንደ እርሳስ ጭረት የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ ያመለጠው በዚያ ነው። የካንዴላው ጉድጓድ ዘይት ከቋጠረ የሞተር ክዳኑ ጋስኬት አብሮ ይቀየር፤ አለዚያ አዲሱም ጎማ አይበረክትም። ያረጀ ካንዴላ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ኮይሉን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል፣ እሱንም መለወጥ ነው። የቼክ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን መኪናውን ያቁሙት፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ እየነደደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቀልጠዋል።