ድንጋይ ሆኖ የተወለደ ደመና

በየቀኑ የምንሰማውን ቃል የተመረመረ አድርገን እንቈጥረዋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን የለመድነው እንጂ የመረመርነው አይደለም። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ደመና ማለት የሆነው «ክላውድ» የተባለው ቃል ከነዚህ አንዱ ነው። ትርጓሜውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ይኸው ቃል ዛሬ ከሰማይ ወርዶ ከየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ገብቷል፤ «ሰነዱ ክላውድ ላይ ተቀምጧል» ሲባል እንሰማለን። ስለዚህ ቃሉ ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ ማወቅ ለቋንቋ መምህር ብቻ ሳይሆን ለመዝገብ ጠባቂም የሚጠቅም ስለ መሰለን ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከ1066 ዓ.ም. አስቀድሞ ይነገር በነበረው በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ «ክሉድ» ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ዐለት፥ የድንጋይ ክምር ወይም ኰረብታ ነበር። ደመናን የሚጠሩት «ወልከን» በሚባል በሌላ ቃል ነበር፤ ይህም ጀርመኖች ዛሬ «ቮልከ» ከሚሉት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ወደ 13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን የምድሩ ስም ለሰማዩ ተሰጠ። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በሰማይ ላይ የሚቈለለው ደመና የድንጋይ ኰረብታ መስሎ ስለ ታየ ነው። ቀስ በቀስም አዲሱ ትርጓሜ አሮጌውን አስለቀቀው። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ እንግሊዞች ሰማይን የሚጠሩበት «ስካይ» የተባለው ቃል ራሱ ከስካንዲናቪያ ሰዎች የመጣና ቀድሞ ደመና ማለት የነበረ መሆኑ ነው። እንግዲህ ድንጋዩ ደመና፥ ደመናውም ሰማይ ሆነ ማለት ነው።

ቃሉ ወደ ሰማይ ከወጣ በኋላ በሰው ጠባይ ላይም ጥላውን አሳረፈ። አንድ ሹም ተጠርጥሮ ስሙ ሲነካ እንግሊዞች «ከደመና በታች ነው» ይላሉ፤ ሐሳቡ ከኑሮ የራቀውን ሰው «ራሱ በደመና ውስጥ ነው» ይሉታል፤ በመከራ ውስጥ ተስፋ መኖሩን ሲናገሩም ደመና ሁሉ የብር ጠርዝ አለው ይላሉ። በነዚህ አነጋገሮች ደመና ብርሃንን የሚጋርድ ነገር ነው። በኛ አገር ግን ዝናም ለሚጠብቅ ገበሬ በሰኔ የሚጠቍር ደመና የምሥራች ነው። ከዚህም የተነሣ የሌላውን አገር ቃል የሚተረጕም ሰው፥ የነገሩን ስም ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ሰማይ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ደመናዎች ዓለም የተስማማበት የየራሳቸው ስም ያገኙት ዘግይተው ነው። በ1802 ዓ.ም. ሉክ ሃዋርድ የተባለ የለንደን መድኀኒት ቀማሚ ለጥቂት የሳይንስ ወዳጆች ባሰማው ንግግር ደመናን በላቲን ስሞች ከፈለው። የጠጕር ዘለላ የሚመስለውን «ሲረስ»፥ የተነጠፈውን «ስትራተስ»፥ የተቈለለውን «ኩሙለስ» አለው። የመጨረሻው ክምር ማለት ስለ ሆነ፥ ሊቁ ሳያስበው ወደ ጥንቱ የድንጋይ ክምር የተመለሰ ይመስላል። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ላማርክ በራሱ ቋንቋ ሌሎች ስሞችን አቅርቦ ነበር፤ ግን አልጸኑም። የሃዋርድ ስሞች ግን ጸኑ፤ ገጣሚው ገተም ስለ ሥራው ግጥም ጻፈለት።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአየር ጠባይ ወጥቶ ሄደ። በ1911 ዓ.ም. የስኮትላንዱ ሊቅ ዊልሰን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሰው ሠራሽ ደመና ፈጥሮ፥ ዐይን የማያያቸው ጥቃቅን የአተም ክፍሎች የሚያልፉበትን መንገድ አሳየ፤ በ1927 ዓ.ም.ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የተነሣው እንጕዳይ መሰል ደመና ይህን ስም ለዓለም የሽብር ምልክት አደረገው።

የመጨረሻው ትርጓሜ ከመሐንዲሶች ወረቀት የተገኘ ነው። እነርሱ የመገናኛ መረብ ሲነድፉ፥ ውስጡን ማሳየት የማያስፈልጋቸውን ክፍል በደመና ሥዕል ያመለክቱ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን አትመርምር እንደ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. አማዞን የተባለው ኩባንያ ኮምፒዩተሮቹን በኢንተርኔት የሚያከራይበትን አገልግሎት በዚሁ ቃል ሰየመው፤ ስሙም በዓለም ተሰራጨ። ዛሬ «ክላውድ» ሲባል ሰነድን በሩቅ ባለ ኮምፒዩተር አኑሮ በኢንተርኔት መገልገል ማለት ነው።

ስሙ ደመና ይሁን እንጂ ነገሩ በምድር ላይ የቆመ ቤት ነው። ግንብ፥ ብረትና ሽቦ አለው፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ማቀዝቀዣና ዘበኛ ይሻል፤ ባለቤት አለው፤ የሚገዛውም የቆመበት አገር ሕግ ነው። እንደ ቤትም ይቃጠላል። በሴፕቴምበር 2025 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ ባለው የመንግሥት የኮምፒዩተር ማእከል እሳት ተነሣ። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያኖሩበት «ጂ ድራይቭ» የተባለው ክላውድ ከነያዘው 858 ቴራባይት ወደመ። ብዛቱ ከፍ ያለ ስለ ነበረ በሌላ ስፍራ ቅጂ አልተቀመጠለትም ነበር። ኮምፒዩተር በመሥራት ከታወቁት አገሮች በአንዲቱ ይህ ከደረሰ፥ ሌላው ሊማርበት ይገባል።

ይህን የምንጽፈው አዲሱን ጥበብ ለመንቀፍ አይደለም፤ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የምንለው፥ ስም እንዳያታልለን ነው። አባቶቻችን መጽሐፍን በድካም ይገለብጡ የነበረው፥ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ ከአንድ እሳት እንደማያመልጥ ስለሚያውቁ ጭምር ነው። ዛሬም መዝገብ የተሰጠው ሰው «ክላውድ ላይ ነው» የሚል መልስ ሲሰማ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ቤቱ በየት አገር ቆሟል? ቍልፉ በማን እጅ ነው? ሁለተኛውስ ቅጂ ወዴት ነው? የቃሉ ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምራል። ድንጋይ ሆኖ የተወለደው ቃል ሰባት መቶ ዓመት ያህል በሰማይ ሲንሳፈፍ ኖረ፤ አሁን ግን ዳግመኛ በግንብና በብረት ላይ ዐርፏል። የሕዝብ ሰነድ በዚያ ግንብ ውስጥ ከተቀመጠ፥ ጠባቂው ሰማዩን ሳይሆን መሠረቱን መመልከት ይገባዋል።